ስካላ እና ሰርጅ ኤክስቲ፦ ከሁለት ሴንት በታች ያሉ ርቀቶችን ሳያጎድሉ ያደርሳሉ?

በጀስት ኢንቶኔሽን (ድምፆችን በሙሉ ቁጥር ሬሾ በሚቃኝ ስልት) ለሚሠራ ሰው አንድ ፕሮግራም ብቁ መሆኑ የሚታወቀው 3/2ን ወይም 5/4ን በትክክል በማሰማቱ አይደለም። ይህን ዛሬ የማይችል የለም ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የሚወጣው ትንንሾቹ ርቀቶች ላይ ሲደረስ ነው። ስኪዝማው 32805/32768 ስፋቱ 1.954 ሴንት ብቻ ነው (ሴንት የኦክታቭ 1200ኛ ክፍል ነው)። ብሪድዝማው 2401/2400 ደግሞ 0.721፣ ራጊዝማው 4375/4374 ጭራሽ 0.396 ሴንት። እዚህ ደረጃ ላይ በመሃል የገባች አንዲት ማጠጋጋት ርቀቱን ታሰፋዋለች፣ ከጎረቤቱ ጋር ትደባልቀዋለች ወይም ድራሹን ታጠፋዋለች። ስክሪኑ ላይ ግን ቁጥሩ እንደተጻፈ ቁጭ ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ሳያውቀው ያልጻፈውን ሙዚቃ ይሰማል።

እዚህ የሚገመገሙት ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው፦ ስኬል ለመሥራትና ለመመርመር ስካላ፣ የተሠራውን ለማድመጥ ሰርጅ ኤክስቲ። ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፣ ሁለቱም ሥራቸውን በሚገባ ይሠራሉ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ከአንዱ ወደ ሌላው ወይም ወደ ሌላ መሣሪያ በሚኬድበት መንገድ ላይ ነው፤ የዚህም ጽሑፍ ትልቁ ክፍል እሱን ይመለከታል።

ስካላ የኔዘርላንዳዊው የማኑኤል ኦፕ ደ ኩል ሥራ ነው። በአዳ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ይሠራል። ትልቁ ብርታቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ሬሾን በሬሾነቱ ይይዘዋል። 5/4 ብላችሁ ስታስገቡ በውስጡ 386.314 ሆኖ አይቀየርም፤ ላዕሉና ታህቱ እንዳሉ ይቆያሉ፣ ሲባዙም ሲካፈሉም በሙሉ ቁጥር ነው። ሴንቱ ለዓይን ምቾት አጠገቡ ይጻፋል እንጂ ሥራው የሚሠራበት እሱ አይደለም።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም በአንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንየው። ክላይዝማው 15625/15552 ሲሆን 8.107 ሴንት ይሰፋል። የሰባቱ ክላይዝማ የሚባለው 225/224 ደግሞ 7.712 ሴንት ነው። ሁለቱን ወደ ሙሉ ሴንት ብታጠጋጉ ሁለቱም 8 ይሆናሉ፤ በአንድ ስኬል ውስጥ ሁለት ቁልፍ ይዘው አንድ ድምፅ ያሰማሉ። በሬሾ ግን አንዱን ለሌላው አካፍሉት፦ 15625 ሲባዛ በ224 ልክ 3500000 ይሆናል፤ 15552 ሲባዛ በ225 ደግሞ 3499200። ሁለቱንም ለ800 ስታካፍሉ የሚቀራችሁ 4375/4374 ነው። በሁለቱ ክላይዝማዎች መካከል ያለው ክፍተት ራሱ ራጊዝማው ነው ማለት ነው። በስካላ ውስጥ «ሾው ኢንተርቫልስ» የሚለው ትእዛዝ በስኬሉ ውስጥ በእያንዳንዱ ጥንድ መካከል ያለውን ርቀት በሰንጠረዥ ስለሚያወጣ እንዲህ ያለው ዝምድና ያለ ምንም ድካም ይገኛል። በሴንት ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ቢበዛ 0.395 ወይም 0.396 ብሎ ይተዋችኋል፤ ምን እንደሆነ የማወቁ ሥራ የእናንተ ይሆናል።

ተመሳሳይ ነገር በ49/48 እና በ50/49 ላይም ይታያል። የመጀመሪያው 35.697፣ ሁለተኛው 34.976 ሴንት ነው፤ ልዩነታቸው በትክክል ብሪድዝማው ነው። ስኪዝማውም እንዲሁ የሚገኘው የፓይታጎረሱ ኮማ (531441/524288፣ 23.460 ሴንት) ከሲንቶኒኩ ኮማ (81/80፣ 21.506 ሴንት) ሲቀነስ ነው። ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣው የርቀት ስሞች ዝርዝር ለነዚህ ሁሉ ስም አለው፤ ያወጣችሁት ሬሾ በዝርዝሩ ካለ ስሙ ከጎኑ ይታያል። ስም ብቻ አይታችሁ አትመኑ ግን፤ «ክላይዝማ» እና «የሰባቱ ክላይዝማ» እንዳየነው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ሁልጊዜም ሬሾውን አንብቡ።

ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የሚነሳው የስኬል ማኅደር ከ5000 በላይ ፋይሎች አሉት። ለጀማሪም ለባለሙያም ሀብት ነው። የስኬሉ ፋይል፣ በተለምዶ ኤስሲኤል የሚባለው፣ ተራ የጽሑፍ ፋይል በመሆኑ ሌሎች በርካታ ሲንተሳይዘሮች ያነቡታል። ቀላልነቱ ግን ያታልላል፤ ስህተቶቹ ሁሉ የሚገቡት በዚህ በር ነው። ለመፈተኛ የሚሆን ፋይል እነሆ፣ ስድስቱን ትንንሽ ርቀቶችና ኦክታቩን የያዘ፦

!
2.3.5.7
7
!
4375/4374
2401/2400
32805/32768
225/224
15625/15552
81/80
2/1

በቃለ አጋኖ የሚጀምር መስመር አስተያየት ነውና አይነበብም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ መስመር መግለጫ ነው። እዚህ የተጻፈው ሬሾዎቹ የተገነቡባቸው ተካፋይ ያልሆኑ ቁጥሮች ናቸው፤ ባዶ ቢሆንም ችግር የለም። መስመሩ ራሱ ግን መኖር አለበት። ከረሳችሁት ፕሮግራሙ 7ን መግለጫ ነው ብሎ ይወስድና 4375/4374ን የድምፆች ብዛት አድርጎ ለማንበብ ይሞክራል። በግዕዝ ፊደል መግለጫ ባትጽፉ ይመረጣል፤ ፎርማቱ ለባለ 8 ቢት ፊደላት የተሠራ ስለሆነ አንዳንዱ አንባቢ ይደናገራል። የፋይሉንም ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ማድረግ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ቀጥሎ የድምፆቹ ብዛት። 1/1፣ ማለትም መነሻው ድምፅ፣ አይቆጠርም፣ አይጻፍምም፤ እንዳለ ይታሰባል። ብዙ ሰው 1/1ን በመጀመሪያ ጽፎ ብዛቱን 8 ያደርገዋል። ውጤቱ ሁለት ተከታታይ ቁልፎች አንድ ዓይነት ድምፅ መስጠታቸውና የተቀሩት ሁሉ በአንድ መንሸራተታቸው ነው። የመጨረሻው ቁጥር 2/1 ስኬሉ የሚደገምበት ቦታ ስለሆነ ይጻፋል፣ ይቆጠራልም።

አሁን ወደ ነጥቧ። ነጥብ ያለበት ቁጥር ሴንት ነው፤ ነጥብ የሌለበት ሬሾ ነው። «702.» ማለት 702 ሴንት ነው። «702» ማለት ግን 702/1 ነው፤ ከ440 ኸርዝ ብትነሱ 308880 ኸርዝ ላይ ትደርሳላችሁ፣ ማንም አይሰማውም። አንድ ቁልፍ ብቻ ድምፅ አልባ ሲሆን መጀመሪያ መታየት ያለባት ይህች ነጥብ ናት። በነጥብ ፈንታ ነጠላ ሰረዝ መጻፍም ያው ነው። ከትክክለኛ ቁጥር በኋላ ያለው ጽሑፍ እንዲታለፍ ስለተደነገገ «386,31371» እንደ 386/1 ሊነበብ ይችላል፤ እድለኛ ከሆናችሁ ፕሮግራሙ ስህተት አለ ይላችኋል።

የላዕልና የታህት መጠንም ወሰን አለው። ፎርማቱ አንባቢ ፕሮግራሞች ቢያንስ እስከ 2147483647 እንዲቀበሉ ይጠይቃል እንጂ ከዚያ በላይ ዋስትና አይሰጥም። ከላይ ያሉት ስድስቱም በምቾት ይገባሉ። የመርካቶር ኮማ ግን ላዕሉ 3 ሃምሳ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ፣ ታህቱ 2 ሰማንያ አራት ጊዜ ሲባዛ የሚገኝ በመሆኑ በዚህ ወሰን ውስጥ አይገባም። እንዲህ ያለውን በሴንት መጻፍ ግድ ነው፤ እሱም ከነጥብ በኋላ አምስት አሃዝ ድረስ። የመቶ ሺህኛ ሴንት ስህተት ማንም አይሰማውም። ወደ ሙሉ ሴንት ማጠጋጋት ግን ይሰማል፦ 5/4ን «386.» ብላችሁ ጻፉና ከ440 ኸርዝ ጋር አስሙት። የታችኛው ድምፅ አምስተኛ ሃርሞኒክ (የፍሪኩዌንሲው አምስት እጥፍ) 2200 ኸርዝ ላይ ነው፣ የላይኛው አራተኛ ሃርሞኒክ ከ2199.6 እምብዛም አይርቅም፤ ሃርሞኒክ ባለው ድምፅ ላይ በየ2.5 ሰከንዱ አንድ ቢት ትሰማላችሁ፣ ማለትም ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ይርገበገባል። ንጹሕ ሦስተኛ መስሏችሁ የምታደምጡት ንጹሕ አይደለም። በማኅደሮችና በመድረኮች ላይ በሙሉ ሴንት የተጻፉ ስኬሎች ስታገኙ ምንጩ ሬሾ ከነበረ ወደ ሬሾው መልሷቸው።

ሁለተኛው ፋይል፣ ኬቢኤም የሚባለው፣ የትኛው ቁልፍ የትኛውን ድምፅ እንደሚሰጥ ይናገራል። ለፈተናው የሚሆነው ይህ ነው፦

7
0
127
69
69
440.0
7
0
1
2
3
4
5
6

ከላይ ወደ ታች፦ የሠንጠረዡ መጠን፣ የሚቃኘው የመጀመሪያ የሚዲ ቁልፍ (ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያዎችና ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው)፣ የመጨረሻው፣ 1/1 የሚቀመጥበት ቁልፍ፣ ፍሪኩዌንሲው የሚታወቀው ቁልፍ፣ ያ ፍሪኩዌንሲ፣ ስኬሉ የሚደገምበት ደረጃ፣ ከዚያም የደረጃዎቹ ቅደም ተከተል። አራተኛውና አምስተኛው መስመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙዎች ይስቱታል። አራተኛው 60 ሆኖ አምስተኛው 69 ከሆነ፣ ቁልፍ 69 ላይ የሚያርፈው የላይኛው ኦክታቭ ሁለተኛ ደረጃ ነው። እሱ 440 እንዲሆን ሲባል 1/1 ወደ 219.9 ኸርዝ ይወርዳል። ቃናው ሲደመጥ ልክ ይመስላል፤ ቢቶቹ ግን በግማሽ ፍጥነት ይሄዳሉ። ራጊዝማው በ10 ሰከንድ ፈንታ በ20 ሰከንድ አንዴ ከተርገበገበ ጥፋቱ ያለው እዚህ ነው።

ሰርጅ ኤክስቲ ወደ ሥራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ኮዱ እ.ኤ.አ. በ2018 ለሁሉም የተከፈተ ሲንተሳይዘር ሲሆን ሁለቱንም ፋይሎች ይዛችሁ መስኮቱ ላይ ብትጥሉበት ይቀበላቸዋል፤ የራሱ የመቃኛ ገጽም አለው። ፋይሉን ራሱ አንብቦ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ፍሪኩዌንሲውን ስለሚያሰላ በመሃል የፒች ቤንድ (ድምፁን ከቦታው ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ የሚዲ መልእክት) እርከን የለም። ለዚህ ሥራ ከብዙ የሚሸጡ ሲንተሳይዘሮች የማስቀድመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ፈተናው ትርጉም እንዲኖረው ግን ድምፁ መራቆት አለበት። ባዶ ፓች ክፈቱ፤ አንድ ኦሲሌተር ብቻ ተዉና ሳይን ሞገድ አድርጉት። ዩኒዞን 1 ይሁን፤ ሁለት ከሆነ ኦሲሌተሩ ከራሱ ጋር ይጋጭና የሐሰት ቢት ይሰጣችኋል። የኦሲሌተር ድሪፍት የሚለው ዜሮ ይሁን፤ ሥራው እንደ ድሮ አናሎግ መሣሪያ ድምፁን በጥቂቱ ማወዛወዝ ነውና ለራጊዝማ ሞት ነው። ኮረስ፣ ሪቨርብና ዲሌይ ይጥፉ። ፖርታሜንቶ ዜሮ ይሁን። የድምፁ ሰስቴይን እስከ ጫፍ ይውጣ፤ እየሞተ በሚሄድ ድምፅ ላይ አሥር ሰከንድ የሚፈጅ ቢት መቁጠር አይቻልም። ሁለቱ ቁልፎች እኩል እንዲጮኹ ቬሎሲቲያቸውን አስተካክሉ፤ ከኪቦርድ ይልቅ በሴኩዌንሰር ጽፎ ማጫወቱ አስተማማኝ ነው።

ከዚያ ቁልፍ 69ን ይዛችሁ ሌሎቹን አንድ በአንድ ጨምሩ። ቁልፍ 70 ራጊዝማው ነው፤ 440ን ለ4374 ስታካፍሉ 0.1006 ስለሚሆን አንዱ ቢት 9.94 ሰከንድ ይፈጃል። ቁልፍ 71 ብሪድዝማው፣ 5.45 ሰከንድ። ቁልፍ 72 ስኪዝማው፣ 2.01 ሰከንድ። 73 እና 74 ሁለቱ ክላይዝማዎች ናቸው፤ በሰከንድ 1.96 እና 2.07 ቢት ይሰጣሉ። 75 ሲንቶኒኩ ኮማ ነው፤ በሰከንድ 5.5 ጊዜ ይርገበገባል። አሁን 69ን ልቀቁና 73ን ከ74 ጋር ብቻ አስሙ። ወደ አሥር ሰከንድ የሚጠጋ ቀርፋፋ ቢት ከሰማችሁ ከላይ በክፍልፋይ ያገኘነው ራጊዝማ በጆሮም ተገኘ ማለት ነው። ምንም ካልተንቀሳቀሰ አንድ ቦታ ላይ ሙሉ ሴንት ገብቷል።

ስትቆጥሩ ድምፁ የሚጎላበትን ሳይሆን የሚጠፋበትን ቅጽበት ያዙ። ሁለት እኩል ሳይን ሞገዶች ሲሰራረዙ ጉድጓዱ ስለታም ነው፣ ኮረብታው ግን ሰፊና ለጆሮ አሻሚ ነው። አንድ ቢት ለክቶ ማቆምም አይበቃም፤ ለስኪዝማው አሥር ቢት (20.1 ሰከንድ)፣ ለራጊዝማው ቢያንስ አራት (39.8 ሰከንድ) ቁጠሩ። ትዕግሥት ካነሰ ሁለት ኦክታቭ ከፍ በሉ፤ በዚህ ስኬል ኦክታቩ ሰባት ቁልፍ ስለሆነ 83ን እና 84ን መጫን ነው። 1760 ኸርዝ ላይ ራጊዝማው በየ2.5 ሰከንዱ ይመጣል።

ይህ ሁሉ የሚለፋለት ለምንድነው የሚል ካለ መልሱ አጭር ነው። ሁለት ድምፅ ተራ በተራ ሲሰማ አብዛኛው ጆሮ ከአምስት ሴንት በታች ያለውን ልዩነት ለመለየት ይቸገራል። አብረው ሲጮኹ ግን ቢቱ ልዩነቱን ያጋልጠዋል፤ ረዥም በሚያዝ ኮርድ ላይ ስኪዝማን የማይሰማ የለም።

እንግዲህ ወደ አስቸጋሪው መንገድ። ፋይሉን የማያነብ መሣሪያ ሲያጋጥም የተለመደው ማምለጫ ፒች ቤንድ ነው። ፒች ቤንድ 16384 እርከን አለው። ክልሉ በሁለቱም አቅጣጫ ሁለት ሰሚቶን ሲሆን 400 ሴንት ለ16384 ይካፈላል፤ አንዱ እርከን 0.0244 ሴንት ነው። ራጊዝማው በ16 እርከን 0.391 ሴንት ሆኖ ይወጣል፤ በጣም ጥሩ ነው። ኤምፒኢ የሚባለው፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱን ቻናል የሚሰጠው የሚዲ አሠራር ግን 48 ሰሚቶን ወደ ላይ፣ 48 ወደ ታች ብሎ ይነሳል። 9600 ሴንት ለ16384 ሲካፈል አንዱ እርከን 0.586 ሴንት ይሆናል። ይህ ከራጊዝማው ራሱ ይሰፋል። ከዜሮ ተነስታችሁ ስትቆጥሩ ራጊዝማው ወደ 1 እርከን ይጠጋጋል፤ ብሪድዝማውም 1.23 እርከን ነውና ወደ 1 ይጠጋጋል። ሁለት የተለያዩ ርቀቶች አንድ ሆኑ፤ አንዱ በ9.94 ሌላው በ5.45 ሰከንድ መርገብገብ ሲገባቸው ሁለቱም በ6.7 ሰከንድ ይመጣሉ። ይህን ቁጥር በሩጫ ሰዓት ካገኛችሁ ጥፋተኛው ስካላም ሲንተሳይዘሩም አይደለም፤ የቤንዱ ክልል ነው። መፍትሔው በላኪውም በተቀባዩም በኩል ክልሉን ወደ 2 ማውረድ ነው። አንዱን ብቻ ካወረዳችሁ ግን ርቀቱ ሁሉ በ24 እጥፍ ይዛባል።

ፒች ቤንድ ሌላም እዳ አለው። አንድ የሚዲ ቻናል በአንድ ጊዜ አንድ ቤንድ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ የተለያየ ቅኝት ያለው እያንዳንዱ ድምፅ የራሱን ቻናል ይፈልጋል፤ ከ16ቱ አንዱ ለከበሮ ሲቀር 15 ይተርፋል። ሪሊዙ (ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ የሚቆይበት ጊዜ) ረዥም የሆነ ድምፅ ገና እየሞተ ሳለ ቻናሉ ለአዲስ ድምፅ ከተሰጠ የሚሞተው ድምፅ መጨረሻ ላይ ሸርተት ይላል። ይህ የሚዋጥ ስህተት አይደለም። መፍትሔው ሪሊዙን ማሳጠር ወይም በአንድ ጊዜ የሚጮኹትን ድምፆች መቀነስ ነው።

በሚዲ ላይ የተሻለው መንገድ የሚዲ ቅኝት ደረጃ (ስታንዳርድ) የሚባለው ነው፤ እያንዳንዱን ሰሚቶን በ16384 ስለሚከፍል እርከኑ 0.0061 ሴንት ነው። 12 ስኪዝማዎች ከፓይታጎረሱ ኮማ የሚጎድሉባት የኪርንበርገር አቶም እንኳ፣ 0.0154 ሴንት፣ በሁለት እርከን ተኩል ትወከላለች። እሷን በቢት ለመፈተን ለሚሻ፣ 440 ኸርዝ ላይ አንዱ ቢት ከአራት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ማስጠንቀቂያ አለ፦ የዚሁ ደረጃ አጭሩ ዓይነት፣ ለኦክታቩ 12 ድምፆች አንዳንድ ባይት ብቻ የሚልከው፣ በሙሉ ሴንት ነው የሚሄደው። «ደረጃውን ይደግፋል» የሚል መሣሪያ የትኛውን ዓይነት እንደሚደግፍ ሳይጣራ አይታመንም፤ በአጭሩ ዓይነት ራጊዝማው ዜሮ ነው።

ሃርድዌር ላይም ጥያቄው ያው ነው፤ ኦክታቩን በስንት ይከፍላል? የያማሃ ዲኤክስ7 ሁለተኛው ትውልድ ኦክታቩን በ1024 ይከፍላል፤ እርከኑ 1.17 ሴንት ነው። ስኪዝማው ሁለት እርከን ሆኖ ወደ 2.34 ሴንት ያድግና በ2.01 ፈንታ በ1.68 ሰከንድ ይርገበገባል። ለ81/80 መልካም መሣሪያ ነው፤ ከስኪዝማ በታች ላለው ግን አልተሠራም። በ72 እኩል ክፍል ብቻ የሚቃኝ መሣሪያ ደግሞ ለዚህ ሥራ ጨርሶ አይሆንም። በዚያ ቅኝት ከስድስቱ አራቱ፣ ራጊዝማው፣ ብሪድዝማውና ሁለቱ ክላይዝማዎች፣ ዜሮ ይሆናሉ። ስኪዝማው ይባስ ብሎ አቅጣጫውን ቀይሮ 16.7 ሴንት ወደ ታች ይወርዳል። ለራሱ ዓላማ ግሩም ቅኝት ነው፤ ጀስት ኢንቶኔሽን ግን አይደለም።

ኮምፒውተር ውስጥ ለሚሠራ የሚመረጠው መንገድ ኤምቲኤስ-ኢኤስፒ ነው። ኦድሳውንድ ያዘጋጀው ይህ አሠራር አንድ ፕለጊን ጌታ ሆኖ ቅኝቱን እንዲይዝ፣ ሌሎቹ ፍሪኩዌንሲውን በቀጥታ ከእሱ እንዲወስዱ ያደርጋል፤ ፒች ቤንድ መሃል አይገባም። ሰርጅም ይቀበለዋል። አነስተኛው የጌታ ፕለጊን በነጻ የሚገኝ ሲሆን እነዚያኑ ሁለት ፋይሎች ያነባል። በአንድ ፕሮጀክት ሁለት ጌታ መጫን ግን ያጋጫል፤ ቅኝቱ ያለ ምክንያት የተለወጠ ሲመስል በሌላ ትራክ ላይ የተረሳ ሁለተኛ ጌታ ፈልጉ። ሰርጅ ውስጥ የራሱን ፋይል ጭናችሁ በላዩ ኤምቲኤስ-ኢኤስፒም ካበራችሁ የትኛው እንደሚገዛ ከመቃኛው ገጽ አረጋግጡ፤ አንዱን መርጦ ሌላውን ማጥፋት ከሁሉ ይሻላል።

ቋሚ ስኬል የማይፈታው አንድ ነገር አለ። በሲ ሜጀር አንደኛ፣ ስድስተኛ፣ ሁለተኛ፣ አምስተኛ፣ አንደኛ ብሎ የሚዞረው የኮርድ ሂደት በንጹሕ ሬሾ ከተጓዘ፣ ተከታታዮቹ ኮርዶች የሚጋሩትን ድምፅ ሳይለውጡ፣ በአንድ ዙር 81/80 ወደ ታች ይወርዳል፤ በአራት ዙር 86 ሴንት። ምክንያቱ ሬ፣ የስኬሉ ሁለተኛ ድምፅ፣ ከአንዱ ኮርድ አንጻር 10/9፣ ከሌላው አንጻር 9/8 መሆን ስላለበት ነው። የኤስሲኤል ፋይል አንድ ሬ ብቻ ካለው ወይ አንዱ ኮርድ ይበላሻል ወይ ሁለት ቁልፍ ትመድባላችሁ። የስካላ የሴኩዌንስ ፋይል ለዚህ ይረዳል፤ ድምፆቹን በጽሑፍ ጽፋችሁ «ኤግዛምፕል» በሚለው ትእዛዝ ወደ ሚዲ ፋይል ይቀየራሉ። የሚወጣው ግን ፒች ቤንድ ያለበት ሚዲ ነውና ስለ ክልሉና ስለ ቻናሎቹ ከላይ የተባለው ሁሉ ይመለከተዋል።

የስካላ ድክመት አጠቃቀሙ ላይ ነው። አብዛኛው ኃይሉ ያለው በሚተየቡ ትእዛዞች ውስጥ ነው፤ ሜኑዎቹ ያግዛሉ እንጂ ሁሉን አይሸፍኑም። የእርዳታ ጽሑፉ ሙሉ ነው፣ የተጻፈው ግን ቲዎሪውን ለሚያውቅ ነው። የጂቲኬ ቤተ መጻሕፍትን ስለሚጠቀም ማክ ላይ መጫኑ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ዊንዶውስ ያለው ሰው እዚያው ቢጭነው ይቀለዋል። ማክ ብቻ ያለው ከሆነና የሚፈልገው ስኬል ጽፎ መስማት ብቻ ከሆነ፣ ፋይሉን በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ጽፎ በቀጥታ ወደ ሰርጅ ቢወስደው ይበቃዋል። የርቀት ሰንጠረዡን፣ ስሞቹንና የሬሾ ስሌቱን ለሚፈልግ ግን የመጫኑ ድካም የሚያስቆጭ አይደለም።

ሰርጅ ላይ የሚነሳው ቅሬታ ሌላ ዓይነት ነው። የመቃኛው ገጽ ሴንቶችንና ሬሾዎችን ያሳያል፣ ማረምም ይቻላል፤ ሆኖም ዝምድና አይመረምርም፣ እንደ ስካላም አያስተምርም። ቅኝቱ ከሞጁሌሽን በፊት ወይም በኋላ እንዲሠራ የሚያደርግ ምርጫም አለው። ከሞጁሌሽን በኋላ ሲሆን ቪብራቶውና ቤንዱ የስኬሉን ደረጃዎች ተከትለው ይለጠጣሉ። በፈተናው ስኬላችን ላይ አንድ ደረጃ 0.396 ሴንት፣ የመጨረሻው ዝላይ ግን ከ1178 ሴንት በላይ በመሆኑ ቪብራቶ ብትጨምሩ ውጤቱ የማይገመት ነው። ለትንንሽ ርቀቶች ሥራ ቅኝቱን በሚዲ መግቢያው ላይ አድርጉት፤ ያኔ ቪብራቶው በሴንት እኩል ይሄዳል።